ጭሶ ጣቱን የነከረ ዕለት

ነርሷ የመጨረሻውን ፋሻ መፍታት ስትጀምር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረው አባትየው ነው፤ ልጅቷማ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ፋሻው ዙር በዙር እየተተረተረ ሳህኑ ላይ ተከመረ። ከሥሩ ሦስት ጣቶች ወጡ፤ ቀላ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ፣ የአራስ ልጅ ጣት የሚመስሉ።

«እስቲ እጠፊልኝ» አለች ነርሷ።

ልጅቷ አጠፈች።

«እሰይ። አሁን ዘርጊ። ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ። ለመሆኑ ያን ድስት ምን ብለሽ ነው የነካሽው? ማን ላከሽ?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞር አለችና አባቷን አየችው። ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ከተቃጠለች ወዲህ ሰው በጠየቃት ቁጥር እንዲህ ነው የምታየው። ክስ የለበትም፤ ክስማ ቢኖርበት በተሻለው ነበር። አንድ ነገር አብረው የደበቁ ሁለት ሰዎች፣ ሦስተኛ ሰው ወደ መደበቂያው ሲጠጋ የሚተያዩት ዓይነት ነው።

«በሩ ሳይቀረቀር ተረስቶ ነው» አለ።

ደጋግሞ ከመናገሩ የተነሳ ቃሉ ሳይጎረብጠው ይወጣል። ነርሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ቤት ያለ ትልቅ ሰው መንቃት እንዳለበት መከረች፤ የሚቀባ ቅባት ሰጠቻቸው፤ ጠባሳው እያደር እንደሚደበዝዝ፣ ጣቶቹ ግን ደህና እንደሆኑ ነግራ አሰናበተቻቸው። ሰውየው አመሰገነ። ከልቡም አመሰገነ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጀርባውን አልቦታል።

ሰውየው ከረሜላ ሠሪ ነው። ቤቱ ከፊት መኖሪያ ነው፤ ከኋላ ደግሞ በአንድ የእንጨት በር የምትለይ የሥራ ክፍል አለችው። የመዳብ ድስቱ፣ የጋዝ ምድጃው፣ የፈላው ስኳር የሚፈስበት ዘይት የተቀባ የእብነ በረድ ጠረጴዛ፣ ስኳሩ ጠጠር ሲል ተሰቅሎ የሚጎተትበት የግድግዳ መንጠቆ፣ ሁሉም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋፍገዋል። ስኳሩ መድረሱን የሚያውቀው አባቱ ባስተማረው መንገድ ነው። ጣቱን ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ዓይን እስኪርገበገብ ድስቱ ውስጥ ከተት ያደርገዋል፤ ወዲያው መልሶ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ጣቱ ላይ የቀረችው ጠብታ በጥርስ ስትያዝ ቀጭ ካለች ደርሷል፤ ከተለጠጠች ገና ነው። ውሃው ጣቱን ለአንዲት ቅጽበት ይጠብቅለታል፤ ለሁለተኛዋ ቅጽበት ዋስ የለውም። አባቱም ሙያውን ሲያስተምረው ይህችን ነበር የመጨረሻ ያደረጋት፤ ጢሙ እስኪያቀምቅም ድረስ አልፈቀደለትም። እሱ ግን ምን አለፋችሁ፣ ለዘንዶ አስተማራት።

ዘንዶው ጭሶ ይባላል። እሳት ገና አልመጣለትም፤ ሲቆጣም ሲደሰትም ከአፍንጫው የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው፤ ስሙንም ያወጣችለት ልጅቷ ናት። ማታ ማታ አባቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይተርክላታል። እናት ዘንዶ ክንፉን ታጥፍለትና «ዛሬ ጣፋጭ የለም፣ ተኛ» ትለዋለች። ጭሶ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አይተኛም፤ የትልልቆቹ ማንኮራፋት ዋሻውን እስኪያንቀጠቅጠው ይጠብቅና በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ይወጣል። ጨለማውን ሸለቆ ያቋርጣል። ሦስት እግር ያላት ኤሊ ጀርባ ላይ ይወጣል። በር ላይ የምትተኛውን የብረት ወፍ ምንቃሯን ቀስ ብሎ ያነሳል። ከበሩ ወዲያ ቀዩ ሐይቅ አለ፤ የሚተን፣ የሚጣፍጥ። ጭሶ ጣቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛው ምንጭ፣ ቀጥሎ በሐይቁ ይነክራል፤ ይልሳል፤ በደስታ ጭሱን ቡልቅ ያደርጋል፤ ማንም ሳይነቃ ተመልሶ ይተኛል።

ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ማታ አዲስ አገር የሚፈጥርበት አቅም አልነበረውም። የጭሶን አገር የሠራው ከራሱ ቤት ነው። ሸለቆው ኮሪደሩ ነው። ኤሊዋ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ናት። የብረት ወፏ የሥራ ክፍሉ በር መቀርቀሪያ ናት። የሐይቁንስ ማን ያጣዋል። ተረቱ ሲያልቅ ከኪሱ አንዲት ከረሜላ አውጥቶ በልጅቷ እጅ ውስጥ ያኖራል። ሚስቱ ጥርሷን ከታጠበች በኋላ ጣፋጭ እንዳይሰጣት ደጋግማ አስጠንቅቃዋለች፤ እሱም ለዚህ መላ ፈጥሯል። ጭሶ በመጨረሻ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ለማንም እንዳትነግሪ፤ የተነገረ ጣፋጭ ጨው ይሆናል።»

አይ ሰው። ልጅ ስትስቅለት ካየ የሚናገረውን መች ይመዝናል።

ከክሊኒኩ ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ልጅቷ ደህናውን እጇን ሰጥታው፣ የተፈታውን እጇን ደግሞ አንዳች የሚሰበር ነገር እንደያዘች ፊቷ ላይ ዘርግታ ትሄዳለች። የጫማ ጠጋኙን ደጅ፣ የመድኃኒት ቤቱን ደጅ አለፉ።

«አባዬ» አለች።

«ወይዬ።»

«እምዬ ነገ የምትሄደው በኔ ነው?» እምዬ የምትላቸው አያቷን፣ የእናቷን እናት ነው።

«ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«በማንም አይደለም። ልጇ ጋ ነው የምትሄደው፤ አጎትሽ ጋ። ናፍቋታል።»

የተፈቱትን ጣቶቿን አየች። «ብነግራትስ?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ትነግረዋለቻ።

«ብነግራት» አለች ራሷ ቀጥላ፣ «ከረሜላችን ሁሉ ጨው ይሆናል። ከዚያ ማንም አይገዛንም። ከዚያ አንተ ሥራ የለህም።»

ሰውየው ቆመ። ከኋላው ይመጣ የነበረ ተሸካሚ «አንተ ሰውዬ፣ መንገድ» ብሎ በትከሻው ገፍቶት አለፈ። እሱ እስካሁን ዝም ያለችው ስለፈራች ይመስለው ነበር፤ ልጅ አይደለች፣ ትረሳለች ብሎም ራሱን ያጽናና ነበር። ለካ በልቧ ይዛው ስታድር ነው። ለካ ያቺ ትንሽ ልጅ እንጀራውን እየጠበቀችለት ነው። አሁን ጎንበስ ብሎ «የለም፣ እናቴ፣ አይሆንም፣ ንገሪያት» ማለት ይችል ነበር። አራት ቃል ናት። አፉን ከፈተ።

«ማታ እንነጋገራለን» አለ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ያፈሰሰው ግን ራሱ ነው፤ ያውም በገዛ እጁ።

ልጅቷ የተቃጠለች ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀዩን ስኳር አፍልቶ፣ ቀምሶ፣ ምድጃውን አጥፍቶ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በፊት ለፊቱ መስኮት ስለ ትእዛዙ ሲጠራው የሥራ ክፍሉን በር ቀርቅሮ ሄደ። ከእሱ በኋላ አማቱ፣ ቤቱ ሁሉ እምዬ የሚላቸው፣ ገብተው አንድ ሳፋ ይዘው ወጡ፤ ልጅቷንም አስተኝተው አጠገቧ ጋደም አሉ። ከዚያ ጩኸት ነው። እምዬ በዚያ ዕድሜያቸው ከሁሉም ቀድመው ደርሰው፣ ልጅቷን በክንዳቸው ታቅፈው ወደ ግቢው ቧንቧ ሲሮጡ ሰውየው ከመስኮቱ መጣ። ወደ ክፍሉ ዘለቀ፤ ሁለት ነገር አየ። በርጩማዋ በሩ ሥር ቆማለች። ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ውሃ የሞላ ኩባያ አለ፤ ከወጥ ቤት ጀምሮ ውሃው እየተንጠባጠበ የመጣበት ዱካ ይታያል።

አንድም የሚጠየቅ ነገር አልነበረውም። ልጁ መንገዱን አንድም ሳትስት ሄዳለች። ምንጩን እንኳ አልረሳችም። የሳተችው ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው።

በርጩማዋን ወደ ጥጓ መለሳት። ውሃውን ደፋው። ኩባያውን መደርደሪያው ላይ ሰቀለ። ወለሉን በእግሩ አበሰ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የልጁ ለቅሶ ከግቢው ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሮጠው።

ማታ እምዬ «ቀርቅሬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። እሱ ምንም አላለም። በማግስቱም «በእርግጥ ቀርቅሬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤት ስለ ልጆች ሲያወሩ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብለው ሳቁ፤ ነገሩ ለጨዋታ ነው፤ እሱ ግን ምድጃ የሚያይ መስሎ ወጣ፤ ምድጃው አልተለኮሰም። ሳምንታት አለፉ። እምዬ የቤቱን በር ሁሉ ሁለቴ ሁለቴ መንካት ጀመሩ። ወጥ ላይ ጨው መጨመራቸውን ልጃቸውን፣ የሰውየውን ሚስት፣ ይጠይቃሉ። ሰው ከሌለ እሳት አይለኩሱም። ልጅቷን ማቀፍም ተዉ፤ ስትጠጋቸው «ከእናትሽ ጋ ተጫወቺ፣ የኔ ዓለም» ይላሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ልቤ ከድቶኛል» አሉና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። «የለም፣ እማዬ፣ አልከዳሽም» ግን አላለችም።

አባትና ልጅ ከክሊኒኩ ቤት ሲደርሱ እምዬ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፍተው ቆመዋል። የልጅቷን ጣቶች በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩ፤ አልነኳቸውም። «ተመስገን» አሉ፣ «ተመስገን።» ልጅቷ ወደ ግቢ ስትሮጥ እሱ ሊከተላት ፈለገ።

«ና እስቲ አንተ» አሉት። «ሹራቤን ከትቼዋለሁ?»

«አዎ ከተዋል፣ እምዬ። ይኸውና።»

«መነጽሬንስ?»

«እሱም አለ።»

«ሁለቴ ከትቼ ሁለቴ አውጥቼዋለሁ። ልጄ ቤት ስደርስ ሻንጣዬን ረስቼ ራሴን ብቻ ይዤ እንዳልገኝ።» ሳቁ፤ እሱም ሳቀላቸው። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ወረደ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም። ከዚያን ቀን በፊት ስረሳ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ሰውየው የሻንጣውን ዚፕ ያያል። በሃያ ዓመት ውስጥ እኚህ ሴት የረሱት ነገር ትዝ አይለውም። የሱን የልደት ቀን ከእሱ በላይ ያስታውሳሉ። እሱ ከስኳር ከረጢት ጋር ሲወድቅ የታሸበትን የዘይት ዓይነት ያስታውሳሉ። ሁሉም ነገር ምላሱ ላይ መጣ።

«ሁሉም ሰው ይረሳል፣ እምዬ» አለ።

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ ሲፈሩት የነበረውን ነገር ሐኪም እንዳረጋገጠላቸው ሰው። «አዎ» አሉ። «አዎ። እግዜር ይስጥህ፤ ስላልዋሸኸኝ።»

ወደ ሥራ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ድስቱ ላይ ስኳር ጨመረ፤ መልሶ አወጣው። ልጅቷ ከተቃጠለች ወዲህ ቀይ ከረሜላ አልሠራም። ለደንበኞቹ ቀለሙ ጠፋ ይላቸዋል። ሆድ ይፍጀው ይላል ሰው ምስጢር ሲይዝ፤ ሆድ ሊፈጅ የማይችለው ነገር እንዳለ ግን ማን ነገረው።

ሚስቱ ከልብስ ስፌት ሱቋ የተመለሰችው አመሻሽ ላይ ነው። እራት ብዙም ወሬ ሳይኖረው ተበላ። እምዬ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ሚስቱ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ቅሪ ማለት የነበረብኝ እኮ እኔ ነኝ። እናቴ ናት። ግን ያን በር ባየሁት ቁጥር የልጄ ጣቶች ይታዩኛል።»

«በሩ...» አለ።

ዞረች። ከእጇ አረፋ ይንጠባጠባል። «በሩ ምን?»

ያየችው በጉጉት ነው። የሆነ ነገር፣ ማናቸውንም ነገር፣ እንዲላት የምትለምን ዓይነት ዓይን ነው። ቢነግራት ይህ ዓይን ምን እንደሚሆን አሰበው። ልጁ በቧንቧው ሥር ስትጮህ ወለል ሲያብስ የነበረ ባል። ለሳምንታት እናቷን እያየ ዝም ያለ ባል።

«ምንም» አለ። «ልጅቷን ላስተኛት።»

ልጅቷ ጥርሷን ታጥባ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ጠበቀችው። አልጋዋ የተጠጋው ስስ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከወዲያ የእምዬ ክፍል አለ። እምዬ አሁንም ይከትታሉ፤ ዚፑ ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማል።

«ጭሶን ንገረኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጭሶን ጠይቃው አታውቅም። የጥንቸል ተረት ነግሯት ነበር፣ የደመና ተረት ነግሯት ነበር፤ እሷም እሱን ለማስደሰት ስትል ሰምታዋለች።

«ጭሶ ደክሞታል።»

«አልደከመውም። ነገ እምዬ ትሄዳለች። ዛሬ ነው የምትነግረኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ ጀመረ፤ ድምፁ መጀመሪያ ለራሱም አልተሰማውም።

«እናት ዘንዶ ሥራ ሄዳ ነበር። ጭሶን ያስተኛችው አያት ዘንዶ ናት። ጭሶ ዓይኑን ጨፈነ። አያት ዘንዶ ስትተኛለት ተነሳ።»

«በጣቶቹ ጫፍ።»

«በጣቶቹ ጫፍ። መጀመሪያ ከምንጩ ውሃ ቀዳ። ሸለቆውን አቋረጠ። ኤሊዋን እየጎተተ በሩ ሥር አቆማት፤ ጀርባዋ ላይ ወጣ።»

«የብረት ወፏስ?» ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች።

ከግድግዳው ወዲያ ዚፑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ሰውየው ሰማው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ማንም አይወቅሰውም፤ ልጅ ሲያስተኙ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። ከፍ አደረገው።

«የብረት ወፏ ተኝታ ነበር። ምንቃሯ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ነበር። የዘጋችው አያት ዘንዶ ናት። አልረሳችም። አያት ዘንዶ ምንም ነገር ረስታ አታውቅም። ጭሶ ባይከፍተው ኖሮ በሩ እስከ ንጋት እንደተዘጋ ያድር ነበር።»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ከአገጯ አወረደች። ይህ የተረቱ መንገድ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«ጭሶ ጣቱን ምንጩ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ ሐይቁ ውስጥ። ግን ጭሶ ገና ልጅ ነው። ቆዳው አልጠነከረም። አቃጠለው።»

«አለቀሰ?»

«አለቀሰ። አያት ዘንዶ በርራ መጥታ ታቀፈችው። ትልቁም ዘንዶ መጣ፤ የጭሶ አባት። ኤሊዋን በሩ ሥር አያት። ውሃውን አየው። ሁሉም ነገር ገባው። ከዚያ...» ግድግዳውን አየ። «ከዚያ ኤሊዋን ወደ ጥጓ መለሳት። ውሃውን ደፋው። ማንም እንዳያይ።»

«ለምን?»

«ፈርቶ።»

«ትልቅ ዘንዶ ይፈራል?»

«ይፈራል። ለጭሶ መንገዱን ማታ ማታ የሚነግረው እሱ ነበር። ለማንም አትንገር ያለውም እሱ ነው። ጥፋቱ የሱ ነበር። አያት ዘንዶ በሩን ረሳሁ ብላ ስታዝን እያየ ዝም አለ። አሁንም አፍሯል። በጣም ነው ያፈረው።»

ሳህን የሚታጠብበት ድምፅ ከወጥ ቤት መሰማቱን አቁሟል። መቼ እንዳቆመ አላስተዋለም።

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከዚያ ደህናውን እጇን ትራሷ ሥር ሰደደችና አንዲት ቀይ ከረሜላ አወጣች፤ ከመላሷ ብዛት እንደ ወረቀት የሳሳች፣ የትራስ ክር የተጣበቀባት። ከአደጋው በፊት የሰጣት የመጨረሻዋ ናት።

«በየጠዋቱ እልሳታለሁ» አለች በሹክሹክታ። «በስህተት ነግሬ እንደሆነ ብዬ።»

ወደ አፏ አስጠጋችና በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። እሱም ጠበቀ፤ ያ ሁሉ ዓመት ስኳር ሲቀምስ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ጨው አልሆነችም» አለች፤ ክሩን ነቅላ ከረሜላዋን ወደ እሱ ዘረጋች። «ቅመሳት።»

ሊቀምስ ጎንበስ ሲል ከወዲያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማ። ኮሪደሩን ቀስ ብሎ አቋረጠ፤ የሥራ ክፍሉ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተሰማ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀውን ነገር እንደገና እንዳወቀ እጅ። ነጠላ ጫማው ተመለሰ። በልጅቷ ክፍል ደጃፍ ላይ ጥላ አረፈ፤ ከኋላው ሌላ ጥላ ቆመ፤ ሁለተኛው ጥላ እጅ ላይ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ አለ።

ሰውየው ቀና አላለም። የእምዬ ድምፅ ቁጣ ይኑረው ለቅሶ ሊለየው አልቻለም።

«ከዚያስ?» አሉ። «ትልቁ ዘንዶ ከዚያ ምን አደረገ?»